ለልጄም ለእኔም ጊዜ ለሰጠችን ባለሙያ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ወራት አለፉ። ዛሬ ይውጣልኝ።

ልጄ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው የጀመረው። አንድ ጠዋት «ው-ው-ው-ውሃ» ብሎ ቆመ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቃሉ ሲይዘው ዓይኑን መጨፈንና አገጩን ወደፊት መግፋት አመጣ። ባለቤቴ ያልፋል አለች። እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን ሆዴ ቡጭ አለ። ምክንያቱም እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ «ወራጅ አለ» ሳይሉ ከታክሲ መውረድ የለም። «ወ» ላይ ተይዤ ስንት ጊዜ ፌርማታዬን አልፌ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ፣ በእግሬ ተመልሻለሁ። ማኪያቶ አምሮኝ ሻይ አዝዣለሁ፤ «ሻ» ስለምትቀለኝ። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት አቅቶኝ ቀሪ ተብያለሁ። ልጄ አገጩን ሲገፋ ሳይ ይህ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ።

ምክር አልጠፋም። እናቴ «ደንግጦ ነው» ብላ ጠበል ወሰደችው። በፍቅር ነውና ቅር አላለኝም፤ «ሙሴም አንደበቱ ኮልታፋ ነበር» እያለች እኔን ያጽናናችኝም እሷ ናት። አክስቱ ባየችው ቁጥር «ረጋ ብለህ ተናገር» ትለዋለች። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ደግሞ አንዲት መምህርት ቃሉ እስኪስተካከል ልጆቹ ፊት ደጋግማ ታስብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ዝም አለ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሥራ ባልደረባዬ ናት የአንዲት ባለሙያ ስልክ የሰጠችኝ። የንግግር ህክምና ባለሙያ፣ ብዙዎቻችሁ ስፒች ቴራፒስት የምትሉት። አገራችን ውስጥ ይህን ሙያ የተማሩ ሰዎች ገና ጥቂት ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ከልጄ ጋር መጫወቻ መኪና ትገፋለች። እሱ «መ-መ-መ» ላይ ተያዘ። እኔ ቃሉን ልጨርስለት አፌን ከፈትኩ። እሷ መኪናውን እንደያዘች እጇን አቆመች፣ ፊቱን እያየች ጠበቀች። ፈገግታዋ እንኳ አልተቀየረም። «መኪናዬ ተጋጨ!» ብሎ ጨረሰ። እሷም ቀስ ብላ፣ «አዎ… መኪናህ… ተጋጨ» አለችው። ከዚያ በኋላ ልጄ ማውራት አላቆመም። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ከዚያ እኔንና ባለቤቴን አስቀምጣ አስረዳችን። መንተባተብ ከድንጋጤ ወይም ከአስተዳደግ ጉድለት የሚመጣ አይደለም። አንጎል ንግግርን በሚያቀናጅበት መንገድ ላይ ያለ ልዩነት ነው፤ በዘርም ይወረሳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ከ100 ልጆች 5 ያህሉ ያልፉበታል፤ ከእነሱ ውስጥ አብዛኞቹ ይተዋቸዋል። ከአዋቂዎች ግን ከ100 አንዱ ገደማ ከእሱ ጋር ይኖራል። ወንድ ከሆነ፣ ቤተሰብ ውስጥ ካለ፣ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ፣ ወይም ልጁ ለመናገር ሲታገል ከታየ «ያልፋል» ብሎ መቀመጥ አይገባም። የእኛ ልጅ ሁሉንም ያሟላ ነበር።

የቤት ሥራው ለእኛ ነው የተሰጠው። በቀን አምስት ደቂቃ ስልክ ዘግቶ ከእሱ ጋር ብቻ መጫወት። ጥያቄ አለማዥጎድጎድ። እሱን ቀስ በል ከማለት እኛው ቀስ ብለን ማውራት። እራት ላይ ተራ መጠበቅ፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አለመግባት። ለእኔ የከበደኝ ቃሉን አለመጨረስ ነው። ምን ሊል እንደሆነ አውቃለሁ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፣ ግን እጠብቃለሁ። መዋዕለ ሕፃናቱ ድረስ ሄዳም መምህራኑን አነጋግራልናለች። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቀችም።

አሁን አምስት ወር ሆነን። ሲደክመው ወይም በዓል ሆኖ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ይይዘዋል። ዓይኑን ግን አይጨፍንም። ክፍል ውስጥ እጁን ያወጣል። ጨርሶ ይተወዋል ብላ ቃል አልገባችልንም፤ ያመንኳትም ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ልጁን ስናስወጣ «አንተስ?» አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

እኔ መዝሙር ስዘምር አንድም ቃል አይዘኝም። ለዓመታት፣ መዘመር ከቻልኩ ሳወራ የሚያቅተኝ ፈሪ ስለሆንኩ ነው እያልኩ ራሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ። አብዛኛው የሚንተባተብ ሰው በዜማ ሲሆን ወይም ከሌላ ሰው ጋር እኩል ሲያነብ እንደማይዘው የነገረችኝ እሷ ናት። ይህቺን አንዲት ነገር ብቻ ነግራኝ ብትሄድ እንኳ ይበቃኝ ነበር።

አብረን ሰፈር ሱቅ ወረድን። እሷ ቀድማኝ ገብታ፣ አውቃ፣ «ሳ-ሳ-ሳሙና ስንት ነው?» አለች። ባለሱቁ ጠበቀ፣ ዋጋውን ነገራት፣ በቃ። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። እጄ አልቦት ነበር። ባለሱቁ ለእኔም ጠበቀኝ።

ለአዋቂ የሚያድን ክኒን የለም። ቃሉን ከመግፋት ለስለስ ባለ ትንፋሽ መጀመርን፣ ሲይዘኝ አለመሸሽን፣ ስብሰባ ላይ ቀድሜ «እኔ እንተባተባለሁ፣ ትንሽ ታገሱኝ» ማለትን ግን አስተምራኛለች። ባለፈው ሳምንት ከልጄ ጋር ታክሲ ውስጥ «ወ-ወ-ወራጅ አለ» አልኩ። ፌርማታችን ላይ ወረድን።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስሟንና ስልኳን እዚህ መለጠፍ ስላልፈለገች ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ሕፃንም አዋቂም ትቀበላለች፣ ቅዳሜም ትሠራለች። መደወል ለሚከብዳችሁ ደግሞ ቴክስት ይበቃል፤ ቀጠሮ በጽሑፍም ትይዛለች።