ዳንስ ለመማር፦ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ወይስ ኮንሰርቫቶሪ?

ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ዳንስን ከሳይንስ፣ ከታሪክና ከሌላ ትምህርት ጋር አጣምሮ ያስተምራል፤ ኮንሰርቫቶሪ ደግሞ በኪነ ጥበብ ሥልጠና ላይ ብቻ የሚያተኩር ትምህርት ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለቱንም መንገድ ከጠረጉት አንዷ የዳንስ መምህርቷ ማርታ ሂል ናት። ሊበራል አርትስ የሚያስተምረው ቤኒንግተን ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1932 ሲከፈት ዳንሱን የመራችው እሷ ነበረች። በ1951 ደግሞ ኒውዮርክ ያለውን የጁሊያርድ ኮንሰርቫቶሪ የዳንስ ክፍል መሠረተች።

መግቢያ፦ ኮንሰርቫቶሪ ያለ ኦዲሽን (ጨፍሮ ችሎታን የማሳየት ፈተና) አይታሰብም። ብዙ ኮሌጆች ግን ጀማሪም ይቀበላሉ።

ጊዜ፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። ኮንሰርቫቶሪ ቀኑ በአብዛኛው ስቱዲዮ ውስጥ ያልቃል፤ ባሌት፣ ዘመናዊ ዳንስ፣ ልምምድ፣ እንደገና ልምምድ። ኮሌጅ ውስጥ ጠዋት ባዮሎጂ፣ ከሰዓት ዳንስ ሊሆን ይችላል። ሰውነት ይደክማል፣ የቤት ሥራውም ይጠብቃል። ግን የሰውነት አሠራርን ወይም ታሪክን የተማረ ሰው ኮሪዮግራፊ (የዳንስ ቅንብር) ሲሠራ የሚለው ነገር አያጣም። ይሄ በእኔ ዓይን ትልቅ ነገር ነው።

አደጋ፦ ጉልበት አንዴ ከተጎዳ የዳንሰኛ ሥራ ሊቆም ይችላል። የኮሌጁ ተማሪ በእጁ ሌላ ትምህርት አለው።

ወጪ፦ ሁለቱም ኪስ ያራቁታሉ። የገንዘብ ድጋፉን እያንዳንዱን ትምህርት ቤት መጠየቅ ነው።

ከልጅነቱ ሲሠለጥን ቆይቶ ትልቅ የዳንስ ቡድን ውስጥ መግባት ለሚፈልግ ኮንሰርቫቶሪው ያዋጣል። ማስተማር፣ መጻፍ፣ በዳንስ ማከም ወይም የራሱን ሥራ መፍጠር ለሚያስብ ደግሞ ኮሌጁ። ገና ያልወሰነም ወደ ኮሌጁ ቢያደላ ይሻለዋል።