አሥር ሊትር ከኋላ፣ አንድ ሊትር ከጎን፦ የመኪና ውሃ ዕቃዎቼ ከወራት በኋላ

ከመስከረም ወዲህ ቪትዜ ውስጥ ሁለት የውሃ ዕቃ አለ። አንዱ አሥር ሊትር የሚይዝ፣ ከታች ቧንቧ ያለው ሰማያዊ ጀሪካን ነው። ሌላው አንድ ሊትር የሚይዝ የአይዝጌ ብረት ኮዳ ነው፤ ግድግዳው ድርብ ስለሆነ እንደ ፔርሙስ ቅዝቃዜ ያቆያል። ሁለቱንም የገዛሁት መርካቶ ነው። ዋጋቸውን ብጽፍላችሁ እናንተ ሱቅ እስክትደርሱ ተለውጦ ይጠብቃችኋል፤ ስለዚህ እዚያው ጠይቁ። አሁን ክረምቱ ሊገባ ነው። ዕቃዎቹ የበጋውን ፀሐይ፣ የቆላ መንገድና የልጆቼን እጅ አይተዋል። ስለዚህ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ስገዛ ሻጩ «ሃያ ሊትሩን ውሰድ፣ የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ነው» ብሎኝ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ግን አሥር ሊትር ውሃ አሥር ኪሎ ነው፣ ሃያው ደግሞ ሃያ። ሃያ ኪሎ ከመኪና አውርዶ፣ አጥቦ፣ ሞልቶ የሚመልስ ሰው እኔ አላውቅም። አንዴ ይሞላና እዚያው ይረሳል። አሥሩን ባለቤቴም በአንድ እጅ ታነሳዋለች። በዚህ ምክንያት ውሃው በየሳምንቱ ይለወጣል።

ከዚህ ግምገማ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፦ በየቀኑ የምትጠቀሙበት ውሃ ነው ለክፉ ቀን ንጹሕ ሆኖ የሚገኘው። «ለአደጋ ጊዜ» ተብሎ ታሽጎ የተቀመጠ ውሃ አደጋው ሲመጣ ማንም አፉ ላይ ሊያደርገው አይፈልግም።

ይበቃል ወይ? ለአደጋ ጊዜ የሚሰጠው የተለመደ ምክር ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ለመጠጥ፣ ግማሹ ለንጽህናና ለምግብ። እኛ አራት ነን። ስለዚህ አሥር ሊትር ለሙሉ ቀን እንኳን አይደርስም። እኛ መንገድ ላይ የሚገጥመን ግን አብዛኛውን ጊዜ የግማሽ ቀን ጣጣ ነው። ከባድ መኪና ተገልብጦ መንገድ ይዘጋል። ክረምት ላይ ዳገቱ ይናዳል። የቤንዚን ሰልፍ ጧት ጀምሮ ከሰዓት ያልቃል። ለዚህ አሥር ሊትር በቂ ነው፣ ይተርፋልም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ጀሪካኑ ሥር ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ «2» ቁጥር ታትሟል። ይህ ለምግብና ለመጠጥ ዕቃ በብዛት የሚሠራበት ጠንካራው ፕላስቲክ ነው። «1» የታሸገ ውሃ የሚመጣበት ስስ ፕላስቲክ ነው። «7» ካያችሁ ደግሞ ጠይቁ፤ ቢፒኤ የሚባለው ለጤና የሚያሳስብ ኬሚካል ያለበት ፕላስቲክ እዚህ ምድብ ውስጥ ስለሚገባ። ከቁጥሩ በላይ ግን አስፈላጊው ነገር ከእናንተ በፊት ውስጡ ምን ነበረ የሚለው ነው። ምናለሽ ተራ ብትሄዱ አገልግለው የመጡ ጀሪካኖች በርካሽ ታገኛላችሁ። የምግብ ዘይት የነበረበት በደንብ ከታጠበ ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል፤ ለመጠጥ ግን ሽታው መቼም አይለቅም። ኬሚካል ወይም ፀረ ተባይ የነበረበትን ደግሞ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ፕላስቲክ የያዘውን ውስጡ ያስቀራል።

በዚሁ ምክንያት የቤንዚን ጀሪካንና የውሃ ጀሪካን አንድ ላይ አይቀመጡም። ነዳጅ ሲጠፋ ብዙዎቻችን መጠባበቂያ እንይዛለን (ቤንዚን ጭኖ መሄዱ ራሱ አደጋ መሆኑን ትቼ)። የቤንዚን ትነት ግን በዚህ ፕላስቲክ ግድግዳ አልፎ ይገባል፣ ክዳኑ ጥብቅ ቢሆንም። ውሃው ቤንዚን ቤንዚን ሲል ክዳኑን አትውቀሱ።

ስለ ሙቀት ሁሉም ይጠይቀኛል። «መኪና ውስጥ የዋለ ሃይላንድ ካንሰር ያመጣል» የሚለው ወሬ እኛ ቤትም ይዞራል። ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ 35 ዲግሪ ሲሆን ፀሐይ ላይ የተዘጋ መኪና ውስጡ ከ50 ያልፋል። በሙቀት ጊዜ አንቲሞኒ የሚባል ንጥረ ነገር ከስሱ ፕላስቲክ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ይህ እውነት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ በ60 ዲግሪ መጠኑ የአሜሪካን የመጠጥ ውሃ ገደብ እንዲያልፍ ወራት ይፈጃል። በ80 ዲግሪ ከሆነ ግን ቀናት ይበቃሉ። ስለዚህ አንድ ከሰዓት የሞቀ ሃይላንድ አያስፈራኝም። በጋውን ሙሉ ከወንበር ሥር የተረሳ እሽግ ግን ለመኪና ማጠቢያ ይሁን። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ አፍ ተደርጎበት ተጠጥቶ የተረፈው ነው። ከአፍ የገባው ጀርም በዚያ ሙቀት ይራባል። የኔ ልጆች ደግሞ ጠጥተው የተረፈውን በር ኪስ ውስጥ መሰካት ሱሳቸው ነው።

ውሃ የሞላ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ እንደ አጉሊ መነጽር መሆኑንም አትርሱ። ብርሃኑን ሰብስቦ ወንበር ሊያቃጥል ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ኢዳሆ ውስጥ ይህንን በሙከራ አሳይተዋል። ሰማያዊው ጀሪካን ይህ ጣጣ የለበትም። ብርሃን ስለማያሳልፍም አረንጓዴ ነገር አላበቀለም። ከዚያ ላይ ባለቤቴ ያረጀ ጋቢ ሰጥታኝ ጠቅልዬዋለሁ። ጋቢው ፀሐዩንም ይከላከላል፣ ጀሪካኑ ከወንበሩ ጋር እየተጋጨ የሚያሰማውን ድምፅም ገደለው።

ጀሪካኑ ከኋላ ወንበር ጀርባ ተጠግቶ በገመድ ታስሯል። ይህን ቸል አትበሉ። አሥር ኪሎ ነገር ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወይም ስትጋጩ ባለበት አይቆምም፤ ወደ ሰው ጭንቅላት ነው የሚመጣው። ቪትዝ ደግሞ ከኋላ ያለው ዕቃ መጫኛ ከሰው መቀመጫ ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን ወደ ቧንቧው። ይህ ዕቃ በጣም የሚወደድበትም በጣም የሚያናድድበትም ቦታ እሱ ነው። የኋላ በር ከፍቼ ጀሪካኑን ጠርዝ ላይ ሳስጠጋው ቧንቧው ወደ ውጭ ይወጣል። አንድ ሰው ቁልፉን ይጫናል፣ ሌላው እጁን ይታጠባል። መንገድ ላይ ቁርስ ስንበላ፣ መቂ ላይ ቲማቲም ስንገዛ፣ ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ፣ ጎማ ቀይሬ እጄ ሲጠቁር፣ ሁሌም እሱ ነው። ስኮርታ ካወጣሁ በኋላ ንጹሕ እጅ ይዞ መሪ መጨበጥን የመሰለ ነገር የለም። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ የቧንቧው ጎሚኒ ጠፍጥፎ ማንጠባጠብ ጀመረ። ምንጣፉ ረጠበ፣ ሸተተ። አንድ የቧንቧ ዕቃ ሻጭ በሳንቲም የሚገመት ጎሚኒ ቀየረልኝና ቆመ። አሁን ሁለት መለዋወጫ ጎሚኒ ከክሪኩ ጋር አስቀምጫለሁ።

ቧንቧው የማይሆንበትን ቦታ ያየሁት ደግሞ መተሐራ ሳንደርስ ነው። ከበሰቃ ሐይቅ አጠገብ፣ ያ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ባለበት፣ አንድ ሚኒባስ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። እንፋሎቱ ከሩቅ ይታያል። ረዳቱ ጨርቅ ይዞ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ነው። ከተሳፋሪዎቹ አንድ አዛውንት ክንዱን ያዙት። «ቆይ ልጄ፣ ፊትህን ያነድሃል። ይብረድ።» ልክ ናቸው። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ በግፊት ተይዞ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ሲከፈት የሚወጣው ፈልቶ ነው። ጠበቅን። ከዚያ ውሃ ስንሰጥ ቧንቧው በቀጭኑ እየወረደ አስቸገረን። ላይኛውን ሰፊ አፍ ከፍተን ዘንበል አድርገን ቀስ በቀስ ነው የሞላነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ከደፋችሁ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊሰነጠቅ ይችላል።

አብዛኛው ውሃችን እዚያ አለቀ። አይቆጨኝም። ግን እስከ አዋሽ ድረስ ለልጆቹ የቀረን ኮዳው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ለራዲያተር የሚሆን ሌላ ትንሽ ጀሪካን ያዝኩ፣ ቀይ ፕላስተር ለጥፌበት። ልጆቹም ቀዩን እንደማይጠጡ ያውቃሉ። ተራ ውሃ ለጊዜው ነው፤ ከተማ ስትደርሱ ኩላንቱን አስመልሱ።

አዋሽ ላይ ከጅቡቲ የሚመጡት ተሳቢዎች ጎን የታሰሩ ጀሪካኖችን አይታችሁ ይሆናል። በረጠበ ጆንያ ተጠቅልለው ነፋስ ላይ ይሄዳሉ። ጆንያው ሲደርቅ ሙቀቱን ከውሃው ይዞ ይወጣል። ሾፌሮቹ ለዓመታት ሲሠሩበት ኖረዋል፣ ይሠራልም፣ በተለይ አየሩ ደረቅ በሆነበት በረሃ። መኪና ውስጥ ግን አትሞክሩት። ነፋስ ስለሌለ ውሃው አይቀዘቅዝም፣ ትርፉ እርጥብ መኪና ነው።

ስለ ኮዳው ብዙ አልልም፣ ጥሩ ነገር ስለሆነ። ጧት ከፍሪጅ የተሞላ ውሃ ፀሐይ ላይ ቆሜ እንኳን ከሰዓት ቀዝቃዛ ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማልቀምስ ዋጋው ያኔ በደንብ ገባኝ። ሦስት ቅሬታ አለኝ። ቪትዝ ኩባያ ማስቀመጫ ውስጥ አይገባም፤ ወንበሩ ጎን ተሰክቶ ነው የሚሄደው። አንዴ ሻይ ከያዘ ጎሚኒው ለቀናት ሻይ ሻይ ይላል። ወድቆ ከተረገጠም ይጎደጉዳል፤ የኔው ጎድጉዷል፣ ቅዝቃዜ መያዙን ግን አላቆመም።

ያልጠበቅኩት ለውጥ የታሸገ ውሃ መግዛት መቀነሳችን ነው። ባዶ ሃይላንድ በመኪናው ውስጥ አይንከባለልም። የገጠር መንገድ ላይ ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ሲሮጡ ልጆቼ የሚሰጡት አጥተው ያዝናሉ። ካላችሁ ግን ቆማችሁ በእጅ ስጡ። ከሚሄድ መኪና የተወረወረ ጠርሙስ ልጁን አስፋልት ላይ ያስገባዋል።

ጽዳቱ ቀላል ነው፣ አፉ ሰፊ ስለሆነ። እጄ እስከ ክንዴ ይገባል። ጀሪካኑ ከውስጥ ማሟለጭ ከጀመረ ጊዜው አልፏል ማለት ነው፤ ሳሙናና ብሩሽ፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ። ጠባብ አፍ ያለው ካላችሁ ጠጠርና ሳሙና ከታችሁ ነቅንቁ። ቤት ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አንዳንዴ የምሞላው ከሮቶ ነው። ያኔ ውሃ አጋር (ውሃ ማከሚያ ክሎሪን) እጨምራለሁ፣ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ሠላሳ ደቂቃም እጠብቃለሁ። መጠኑ ያልተጻፈበትን በረኪና ለመጠጥ አልጠቀምም። ሽቶ የተጨመረበትን ደግሞ ጭራሽ። ክሎሪን በሙቀት ቶሎ ስለሚተን «አድርጌበታለሁ» ብላችሁ ለወራት አትተዉት።

እንደገና ብገዛ? ኮዳውን አዎ፣ ግን ቀጠን ያለውን። ጀሪካኑንም አዎ፣ ያንኑ አሥር ሊትር፣ ሰፊ አፍ ያለውን። ያለ ቧንቧ የሚሸጥም አለ፣ ርካሽ ነው፣ ግን እጅ መታጠቢያነቱ ስለሚቀር አልመክረውም። ባለ ቧንቧውን ስትመርጡ ሻጩን ውሃ አስሞሉት፣ ቧንቧው ወደ ታች እንዲሆን አጋድሙትና ሌላ ዕቃ እያያችሁ ትንሽ ቆዩ። ካንጠባጠበ ሌላውን አምጣ በሉት።