የቢሮ የጋራ ፋይል በምን ይያዝ? ዊንዶውስ ሰርቨር፣ ናስ፣ ሳምባ ወይስ ደመና

«ለቢሮአችን የትኛውን እንግዛ?» የሚለው ጥያቄ ባለፉት ወራት ከአራት ጓደኞቼ ደርሶኛል። አራቱም የጠየቁኝ ስለ ፍጥነትና ስለ ዲስክ መጠን ነው። ማን የትኛውን ፎልደር ከፍቶ ያነባል፣ ማን ያርማል፣ ማንስ ፎልደሩ መኖሩን እንኳ አያውቅም የሚለውን በምን እንደሚቆጣጠሩት አንዳቸውም አላነሡም። የጋራ ማስቀመጫ የሚገዛው ግን በዋናነት ለዚህ ነው፤ ቦታ ብቻ ለጎደለው ሰው ተንቀሳቃሽ ዲስክ ይበቃዋል። ለእያንዳንዳቸው በስልክ ያስረዳሁትን አንድ ላይ ላስቀምጠው። አቋሜንም ከወዲሁ ልናገር፦ ሠራተኛው ከ30 ለማይበልጥ ቢሮ ናስ ግዙ እላለሁ። ናስ የምለው ዲስክ የሚገባበት፣ በኔትወርክ ገመድ የሚያያዝ፣ ዋና ሥራው ፋይል መጠበቅና ማካፈል የሆነ ትንሽ ሣጥን ነው።

በርካሹ ስንጀምር

ወደዚህ አቋም ያመጣኝ አንድ መጥፎ ግዢ ነው። ዘጠኝ ሆነን በምንሠራበት ጊዜ ወጪ ለመቀነስ ብለን የዩኤስቢ ዲስክ የሚሰካበት ራውተር ገዛን። ዲስኩ ከሁሉም ኮምፒውተር ታየና ደስ አለን። በሦስተኛው ቀን የሒሳብ ክፍል ለራሱ ብቻ የሚከፈት ፎልደር ጠየቀኝ። የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት፤ ያለው አንድ የይለፍ ቃል ነው፣ እሱን ያወቀ ሁሉንም ያያል። ዲስኩ ፎርማት የተደረገው ኤክስፋት በሚባል የፋይል ሥርዓት፣ ማለትም ፋይሎች በዲስክ ላይ በሚደረደሩበት ስልት ነበር። ኤክስፋትም ሆነ ፋት32 «ይህ ፋይል የማን ነው፣ ማን ይከፍተዋል» የሚለውን የሚመዘግቡበት ቦታ የላቸውም። ፈቃድ የሚጻፈው እንደ ኤንቲኤፍኤስ፣ ኤክስት4 ወይም ቢቲአርኤፍኤስ ባሉ የፋይል ሥርዓቶች ላይ ነው። የገዛነው ራውተር ያን ጥያቄ ፈጽሞ ሊመልስ አይችልም ነበር።

ሁለተኛው ችግር የመጣው አዳዲስ ኮምፒውተሮች ስንገዛ ነው። ራውተሩ የሚያውቀው ኤስኤምቢ 1 የተባለውን አሮጌ የፋይል ማካፈያ ስልት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ጥቃት ዓለምን ያዳረሰው በዚህ ስልት ላይ በተገኘ ቀዳዳ ነበር፤ ከዚያው ዓመት መገባደጃ ጀምሮ ማይክሮሶፍት ኤስኤምቢ 1ን ከአዲስ የዊንዶውስ 10 ጭነቶች ማውጣት ጀመረ። ስለዚህ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ዲስኩን ሊያዩት አልቻሉም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ አሮጌውን ስልት መልሶ ያበራዋል። እባካችሁ አታብሩት። ያገለገለ ወይም በጣም የረከሰ ሣጥን ስትገዙም ኤስኤምቢ 2 እና 3 መቻሉን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ። በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ፕሮ እትም ደግሞ ያለ ስምና ያለ የይለፍ ቃል በእንግድነት መግባትን አይቀበልም፤ «ለሁሉም ክፍት ነው፣ ያለ ችግር ይሠራል» ተብሎ የሚሸጥ አሮጌ ዕቃ እዚያው ላይ ይቆማል።

ከአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ፎልደር ማካፈልስ? ለሦስትና ለአራት ሰው፣ ለጊዜው፣ ይሆናል። ነገር ግን ባለቤቱ ማታ ሲያጠፋው የሁሉም ሥራ ይቆማል። ተራው ዊንዶውስ 10 እና 11 በላይሰንሱ መሠረት በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ መሣሪያ አያስተናግድም፤ የሆም እትሙ ደግሞ የተጠቃሚ ቡድኖችን የምታስተዳድሩበትን መስኮት እንኳ አልያዘም።

የዊንዶውስ ሰርቨር እውነተኛ ዋጋ

ዊንዶውስ ሰርቨር ለሰርቨር፣ ማለትም ሌሎች ኮምፒውተሮችን ለሚያገለግል ማሽን፣ የተሠራው የዊንዶውስ ዓይነት ነው፤ በፈቃድ አያያዝ ጥልቀት የሚያክለው የለም። አንድ ሰው ማንበብ እንዲችል፣ መጻፍ እንዲችል፣ መሰረዝ ግን እንዳይችል ማድረግ ትችላላችሁ። ፈቃድ የሌለው ሰው ፎልደሩን ጭራሹን እንዳያየው መደበቅም ይቻላል። ሁሉም ሠራተኛ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የተጠቃሚዎችን ዝርዝር በአንድ ማዕከል በሚይዘው የዊንዶውስ ሰርቨር ክፍል) በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ይገባል፤ ሥራ የለቀቀውን ሰው በአንድ ቦታ ስትዘጉት ከሁሉም ቦታ ይዘጋል። 200 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ቢጠይቀኝ ያለ ማመንታት ይህንኑ እላለሁ።

ለ12 ሰው ግን ሒሳቡን አብረን እናስላ። ላይሰንሱ የሚከፈለው በፕሮሰሰሩ ኮር (በውስጡ ባሉት የማስሊያ ክፍሎች) ቁጥር ሲሆን ዝቅተኛው 16 ኮር ነው፤ ማሽናችሁ አራት ኮር ብቻ ቢኖረውም የ16 ትከፍላላችሁ። ያ የሰርቨሩ ብቻ ነው። ፋይል ለመክፈት ወደ ሰርቨሩ የሚገባ እያንዳንዱ ሰው ወይም መሣሪያ ደግሞ ካል የሚባል የራሱ ላይሰንስ ያስፈልገዋል። ሻጮች በመጀመሪያው ዋጋ ማቅረቢያ ላይ ይህን ሲያስገቡ እምብዛም አላየሁም። በሰው ወይስ በመሣሪያ ትገዙታላችሁ የሚለውም ገንዘብ ነው፦ በሦስት ፈረቃ 15 ሰው አምስት ኮምፒውተር እየተቀባበለ የሚሠራ ከሆነ አምስት የመሣሪያ ካል ይበቃል፤ በሰው ከገዛችሁ 15 ትከፍላላችሁ። አንድ ሰው ኮምፒውተርም ላፕቶፕም የሚይዝ ከሆነ ግን የሰው ካል ያዋጣል። ሰርቨሩን ወደ አዲስ እትም ስታሳድጉ የድሮው ካል አያገለግልም፤ እንደገና ትገዛላችሁ። ኢሴንሻልስ የሚባለው እትም እስከ 25 ተጠቃሚና እስከ 50 መሣሪያ ካል አይጠይቅም፤ ዊንዶውስ ሰርቨር የግድ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን አስጠይቁ።

አሁን ስለ ርካሽ ላይሰንስ። አንድ ሻጭ «ኦሪጅናል ሰርቨር ነው» ብሎ ማሽኑን ጭኖ አስረከበን፤ ዋጋው ሌሎች ከጠየቁን ከግማሽ በታች ነበር። ስድስት ወር ያህል ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሰርቨሩ በራሱ ጠፋ። አብርተን ሥራ ጀመርን፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ጠፋ። ኃይል ሰጪው ተበላሽቷል ብለን ለወጥነው፣ ራሙን አውጥተን አጸዳነው፤ ለሁለቱም ከፈልን። በመጨረሻ በስክሪኑ ቀኝ ታችኛ ጥግ ላይ የነበረችውን ትንሽ ጽሑፍ ልብ ብዬ አነበብኳት፦ የተጫነልን የ180 ቀን የሙከራ እትም ነው። ቀኑ ሲያልቅ በየሰዓቱ እንዲጠፋ ሆኖ የተሠራ ነው። ሻጩ ስልኩን አላነሣም፤ ላይሰንሱን በሙሉ ዋጋ እንደገና ገዛን። ሰርቨር ስትረከቡ ያቺን ጥግ ሳታዩ አትፈርሙ።

ስለ ኤሌክትሪክም ልጨምር። ሰርቨር ቀንና ሌሊት ይበራል፤ ዓመቱ 8,760 ሰዓት ነው። 80 ዋት የሚበላ ማሽን በዓመት 700 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨርሳል፤ 20 ዋት የሚበላ ባለ ሁለት ዲስክ ናስ 175። በአካባቢያችሁ ታሪፍ አባዙት፣ ከዚያ በአምስት ዓመት።

የደመወዙ ፋይል

የዊንዶውስ ጥልቀት ጥንቃቄም ይጠይቃል። በአንድ ቢሮ የሠራሁት አንድ ትልቅ የጋራ ፎልደር ነበር፤ በውስጡ «ጊዜያዊ» የሚል ለሁሉም ክፍት ፎልደርና «የሰው ኃይል» የሚል ዝግ ፎልደር አሉ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ የደመወዝ ሰንጠረዡን «ጊዜያዊ» ውስጥ ሠርተው ሲጨርሱ ቆርጠው ወደ ዝጉ ፎልደር ወሰዱት። ፋይሉ ከዓይን ጠፋ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን አንድ ሠራተኛ ቀደም ብሎ የተላከለትን አገናኝ አዲሱን ቦታ አስገብቶ ሲሞክረው ሰንጠረዡ ተከፈተለት፤ ጮክ ብሎም አነበበው። በዚያ ክፍል የነበረው ዝምታ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ በኤንቲኤፍኤስ (በዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት) ላይ ፋይል በዚያው ዲስክ ክፍል ውስጥ ሲዛወር የድሮ ፈቃዱን ይዞ ይሄዳል፤ ሲቀዳ ግን የአዲሱን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል። መዝጊያው ፎልደሩ ላይ ነበር፣ ፋይሉ ግን ክፍት ሆኖ ገባ። ከዚያ ወዲህ ምስጢር ያለበትን ክፍል በትልቅ ፎልደር ሆድ ውስጥ አላስገባም፤ ራሱን የቻለ የጋራ ፎልደር እከፍትለታለሁ። ከአንዱ የጋራ ፎልደር ወደ ሌላው ከሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ የሚዛወር ፋይል ተቀድቶ ነው የሚሄድ፤ ስለዚህ የአዲሱን ቤት ፈቃድ ይይዛል።

ሌላው ሁልጊዜ የምጠየቀው «ፈቃድ ሰጥቼዋለሁ፣ ግን መጻፍ አይችልም» የሚለው ነው። በዊንዶውስ ሁለት በር አለ፤ አንዱ የማካፈያው ፈቃድ፣ ሁለተኛው የፋይሉ ፈቃድ። በኔትወርክ የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ አለበት፤ የሚጸናው ጠበቅ ያለው ነው። የማካፈያው በር ሲፈጠር ብዙ ጊዜ ማንበብ ብቻ ይፈቅዳል። እኔ የማካፈያውን በር ስም ላላቸው ተጠቃሚዎች ሁሉ ክፍት አድርጌ ጥበቃውን በሙሉ በፋይሉ ፈቃድ ላይ አደርጋለሁ። «ከልክል» የሚለውን ምልክትም አልነካም፤ ፈቃድ አለመስጠት ብቻውን ይበቃል።

ናስ ለምን ያሸንፋል

በናስ ላይ ለእያንዳንዱ የጋራ ፎልደር አንድ ሰንጠረዥ ይቀርብላችኋል፦ አይገባም፣ ያነባል፣ ያነባል ይጽፋልም። ከዚያ ጠለቅ ያለ የሚፈልግ የዊንዶውስን ዓይነት ዝርዝር ፈቃድ በብዙዎቹ ላይ ያገኛል። ለ12 ሰው ግን ሦስቱ ምርጫዎች ዘጠና ከመቶውን ሥራ ይሠራሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እኔ በሌለሁበት የቢሮው ጸሐፊ ከፍታ ልትረዳው ትችላለች። አንድ ሰው በሁለት ቡድን ውስጥ ሲገኝ የቱ እንደሚጸና ግን እወቁ፦ በሲኖሎጂ ኩባንያ ናሶች ላይ «አይገባም» ከሁሉም ይበልጣል፣ ቀጥሎ «ይጽፋል»፣ ከዚያ «ያነባል»። የሰው ካል የለም፤ ለ5 ሰውም ለ25 ሰውም ያው ዋጋ ነው።

ገንዘቡ የሚሄደው ዲስክ ላይ ነው። ሁለት ዲስክ ግዙ፤ አንዱ ቢሞት ሁለተኛው ሥራውን እንዲቀጥል። በዚህ ግዢ የምትጭበረበሩትም እዚሁ ላይ ነው። «አዲስ» ተብሎ የገዛሁት ዲስክ የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ተፍቆ ነበር፤ ሰክቼ ዲስኩ ስለ ራሱ ሥራ የሚይዘውን የስማርት መዝገብ ሳነብ ከ31 ሺህ ሰዓት በላይ ሠርቷል፤ ሦስት ዓመት ተኩል ማለት ነው። ያን መዝገብ ወደ ዜሮ የሚመልሱ ሻጮችም አሉ። የሲጌት ዲስኮች ፋርም የሚባል ሁለተኛ መዝገብ ስላላቸው ሁለቱን አስተያዩ። ኤስኤምአር በሚባለው አጻጻፍ የተሠሩ ዲስኮችን ተዉ፤ የሞተ ዲስክ ተክታችሁ ይዘቱ እንደገና ሲገነባ እጅግ ይዘገያሉ። ሲኤምአር የሚል ዝርዝር ያለውን ፈልጉ። የሣጥኑ አምራች የሌላ ፋብሪካ ዲስክ መቀበሉንም ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ሲኖሎጂ በ2025 በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ የራሱን ዲስክ ብቻ ጠይቆ ቆይቶ በዚያው ዓመት ነው ያላላው።

ከብልሽት ሁሉ ደጋግሞ ያጋጠመኝ የኃይል አስማሚው ነው። የአንዱ ሣጥን አስማሚ ሲቃጠል ላዩ ላይ «12 ቮልት፣ 5 አምፔር» የሚል ተመሳሳይ በሩብ ዋጋ ገዛሁ። ሣጥኑ ይበራል፣ ዲስኮቹ መዞር ሲጀምሩ ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል። አንድ ትልቅ ዲስክ ሲነሣ ብቻውን ወደ 2 አምፔር ይስባል፤ አስመስሎ የተሠራው አስማሚ የተጻፈበትን መስጠት አልቻለም። በእጄ ከድሮው ጋር ስመዝነው ግማሹን ያህል ነበር። በዚያ ሣጥኑ ሲበራና ሲጠፋ መካከል አንደኛው ዲስክ ከጥንዱ ወጣ። አስማሚ ስትተኩ ዋናውን ግዙ፣ በፊቱም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) አድርጉ።

ሣጥኑ ራሱ ቢሞትስ? ብዙዎቹ ውስጣቸው እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራው ነጻ ሲስተም ሊኑክስ ነው፤ ዲስኮቹን አውጥታችሁ ሊኑክስ በጫነ ኮምፒውተር ላይ ማንበብ ይቻላል። በሰርቨር ላይ በሬይድ ካርድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያሠራ ካርድ) የተያያዙ ዲስኮች ግን ካርዱ ሲሞት ብዙ ጊዜ ያንኑ ዓይነት ካርድ ፍለጋ ያስወጣሉ።

ሳምባ እና ደመና ባጭሩ

ሳምባ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረ፣ ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ፋይል እንዲያካፍል የሚያደርግ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ብዙዎቹ ናሶችም ውስጥ የሚሠራው እሱ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስና ሳምባ ብትጭኑ የምትከፍሉት ለዲስክ ብቻ ነው። ችግሩ አንዷ የፈጠረችውን ፋይል ሌላው ማረም አቅቶት መደወሉ ነው፤ አዲስ ፋይል የፎልደሩን ቡድን እንዲወርስ በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል። ያን የሚያውቀው ሰው ከቢሮው ሲለቅ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

ለደመና (ፋይሉ በኢንተርኔት በሌላ ኩባንያ ሰርቨር ላይ ለሚቀመጥበት አገልግሎት) ደግሞ የወር ክፍያውን በ12 ሰው፣ ከዚያ በ36 ወር አባዙ፤ 432 ክፍያ ነው። የተበተነ ሠራተኛ ላለው ቢሮ ይህ ዋጋ አግባብ ሊሆን ይችላል። «አገናኙን ያገኘ ሁሉ» የሚለውን ማካፈያ ግን በድርጅት ደረጃ ዝጉት፤ በጉግል ድራይቭ ላይም ፋይሎቹን በግለሰቦች ሳይሆን በድርጅቱ ስም በተያዘ የጋራ ድራይቭ ላይ አስቀምጡ።

ናሱን ከገዛችሁ በኋላ በቀጥታ ለኢንተርኔት አትክፈቱት። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲኖሎከር የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በሲኖሎጂ፣ በ2022 ዴድቦልት የተባለው በኪውናፕ ኩባንያ ሣጥኖች ላይ ፋይል እየቆለፉ ቤዛ የጠየቁት እንዲህ የተጋለጡትን ነው። ሁለቱ ዲስኮች የመጠባበቂያ ቅጂን አይተኩም፤ የተሰረዘ ከሁለቱም ይሰረዛልና ለሦስተኛ ዲስክ ገንዘብ አስቀሩ። ፈቃድ ለሰው በስሙ አትስጡ፤ «ሒሳብ»፣ «ሽያጭ»፣ «የሰው ኃይል» ብላችሁ ቡድን ሥሩና ሰዎችን አስገቡበት። ከዚያ «ሙከራ» የሚባል፣ በአንዱም ቡድን የሌለ ተጠቃሚ ፍጠሩ፤ በሌላ ኮምፒውተር በእሱ ስም ግቡና የደመወዙን ፎልደር ለመክፈት ሞክሩ።