የግቢያችን የምክር አገልግሎት፦ ወረፋው ያማርራል፣ ውስጡ ግን ይሻላል

የዩኒቨርሲቲያችንን የምክር አገልግሎት አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተጠቀምኩበት። ከመጥፎው ልጀምር፦ ወረፋው። የመጀመሪያውን ቀጠሮ ያገኘሁት ከተመዘገብኩ ከ3 ሳምንት በኋላ ነው፤ እንቅልፍ አጥቶ ለሚያድር ሰው 3 ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ቀጠሮ ሰጪዎቹ የገባቸው አይመስለኝም። ቢሮው ደግሞ ሬጅስትራር ፊት ለፊት ነው። ስትገባ ግቢው ሁሉ ያይሃል።

ከገባሁ በኋላ ግን ሌላ ነገር ነው። አማካሪዋ መጀመሪያ ፒኤችኪው-9 የሚባለውን መጠይቅ ሰጠችኝ። 9 ጥያቄ ብቻ፣ ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከት፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 27። በራሱ ምርመራ አይደለም፣ ግን ድብርቱ ምን ያህል እንደከበደ ይጠቁማል። እኔ 14 አመጣሁ (ከፍ ያለ ውጤት የማያስደስትበት ብቸኛው ፈተና!)። ምስጢሬን እንደምትጠብቅ፣ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ለሌላ ባለሙያ እንደምትናገር ቀድማ ነገረችኝ። ይሄ ተመቸኝ።

«አይዞህ፣ ያልፋል» ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የቤት ሥራ ሰጠችኝ፦ ፍላጎቱ እስኪመጣ ሳልጠብቅ በቀን አንድ ትንሽ ነገር ማድረግ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ስሜቴን ከ10 መመዘን። ቀልድ መስሎኝ ነበር። መጠይቁን ከወር በኋላ ስደግመው 8 ሆነ።

የቡድን ውይይቱን አልወደድኩትም፤ አንድ ልጅ ብቻውን አውርቶ ሰዓቱን ይጨርሰዋል። በየዓመቱ የሚታደለው ቲሸርትም ይቅርብንና በዚያ ገንዘብ አማካሪ ይጨመርልን።

ከ5 ኮከብ 3 ተኩል። ለመመዝገብ ፈተና እስኪደርስ አትጠብቁ፣ ያኔ ወረፋው ይብሳል።