ፍራንከንስታይን፣ ጄኪል ወይስ ሞሮ? የቱን እንግዛ ለምትሉ

ሳይንስ ልጓም ሲያጣ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ክላሲክ ልብወለድ ስትፈልጉ ሦስት መጻሕፍት ደጋግመው ይመጡባችኋል፦ የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»፣ የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን «ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ»፣ የኤች ጂ ዌልስ «የዶክተር ሞሮ ደሴት»።

አቅማችሁ ለአንድ ብቻ ከሆነ ፍራንከንስታይንን ግዙ። ቪክቶር የሚባል ወጣት ተማሪ ሁለት ዓመት ያህል ለፍቶ ከሬሳ አካላት ሰው መሳይ ፍጡር ይሠራል። በኅዳር ሌሊት፣ ዝናቡ መስኮቱን እየመታ፣ ሻማው ሊያልቅ ሲል ፍጡሩ ደብዛዛ ቢጫ ዓይኑን ይገልጣል። ቪክቶር ጥሎት ወደ መኝታ ክፍሉ ይሮጣል። ለእኔ ትልቁ ኃጢአት እዚህ ላይ ነው። ስም እንኳ አላወጣለትም። ፍጡሩ ተደብቆ አንድ ቤተሰብ ሲነጋገር እየሰማ ቋንቋ ይማራል፣ ሌሊት ሌሊት እንጨት ይለቅምላቸዋል። ወደ ክፋት የዞረው ሲያባርሩት ነው።

ስትገዙ ግን እትሙን እዩ። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1818፣ ያለ ደራሲዋ ስም፣ በ3 ቅጽ ነው። በ1831 ራሷ አሻሽላ አሳተመችው። በፊተኛው ቪክቶር ወደ ጥፋቱ የሚገባው በገዛ ምርጫው ነው። በኋለኛው ዕጣ ፈንታ ይበዛበታልና ተጠያቂነቱ ይላላል። ስለዚህ ምርጫዬ የ1818ቱ ነው። ምዕራፎቹ ሳይቋረጡ እስከ 24 ከተቆጠሩ የያዛችሁት የ1831ዱን ነው። እሱም ቢሆን ሐሳቡ በ1816 በጄኔቫ ሐይቅ ዳር እንዴት እንደመጣላት የጻፈችው መግቢያ አለው። አንዳንድ የ1818 እትሞች ይህን መግቢያ መጨረሻ ላይ ያትሙታል፤ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ።

ጊዜ ለሌለው ጄኪል ይሻላል። በ1886 የወጣ ነው፤ በብዙ እትሞች ከመቶ ገጽ ብዙም አይዘልም። ዶክተር ጄኪል ራሱን ወደ ክፉው ሚስተር ሃይድ የሚቀይር መድኃኒት ይቀምማል፤ የሚሞክረውም በራሱ ላይ ነው። የሚፈልገውም ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ሳይጠየቅ መባለግም ያምረዋል። በጣም የሚያስደነግጠኝ የመድኃኒቱ ነገር ነው። ለመቀመሚያ መጀመሪያ የገዛው ጨው ንጹሕ አልነበረም። ሲያልቅበት ሌላ ቢያስመጣ አልሠራ አለው። ተአምሩን የሠራው ያ የማይታወቅ ቆሻሻ ነበር ማለት ነው። ሰውየው ምን እንደሠራ እንኳ በውል ሳያውቅ ነው ነፍሱን ያስያዘው! ሳይንሱ ግን ስስ ነው፤ ላቦራቶሪ ለማየት የሚገዛው ሰው አይረካም።

የ1896ቱ ሞሮ ከሦስቱ ጨካኙ ነው። ዶክተሩ እንስሳትን በቁማቸው እየቀደደ ሰው ሊያደርጋቸው ይሞክራል። ስለ ሥነ ምግባሩ ተጨንቆ እንደማያውቅም በገዛ አፉ ይናገራል። የሚቀድዳት ፑማ (ትልቅ የዱር ድመት) ጩኸት ገጾቹን ሙሉ ይከተላችኋል። በእንስሳት ላይ ስለሚደረግ ምርምር መከራከር ለሚወድ አንባቢ የሚስተካከለው የለም። ለልጆች ግን አትግዙት።

የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የሦስቱም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ገንዘብ ካወጣችሁ ጥሩ መግቢያና የግርጌ ማብራሪያ ላለው እትም አውጡ።