"እውነት"ን በቻይንኛ ልጀምር ወይስ በጃፓንኛ?

ሁለቱም "እውነት"ን በአንድ ዓይነት ሁለት ምልክቶች ይጽፋሉ። ቻይኖች ጀንሊ፣ ጃፓኖች ሺንሪ ይሉታል።

አጻጻፉ ላይ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ምልክት 10 ጭረት አለው፣ ሁለተኛው 11። እኔ ሁለተኛውን በጣም ነው የምወደው። በግራ ጎኑ ጄድ የተባለውን የከበረ ድንጋይ የሚያመለክት ቅርጽ አለ። ጥንት ትርጉሙ ጄድን የውስጥ መስመሩን ተከትሎ መቅረጽ ነበር። "ሥርዓት" እና "ምክንያት" የሚሉት ትርጉሞች በኋላ መጡ።

አነጋገር
ቻይንኛ፦ ጀን ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ሊ ዝቅ ይላል። እኛ "ዋና"ን በማጥበቅና በማላላት እንደምንለየው፣ እነሱ በድምፅ ከፍታ ይለያሉ።
ጃፓንኛ፦ ለእኛ ምላስ ይቀላል። ግን ሺንሪ ሥነ ልቦናም ማለት ነው፤ ምልክቱ ካልታየ ያምታታል።

ንባብ
ቻይንኛ፦ እነዚህ ሁለት ምልክቶች እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ ብቻ አላቸው፣ አለቀ።
ጃፓንኛ፦ የመጀመሪያው ብቻውን ማኮቶ ሊባል ይችላል። ሁለቱ አንድ ላይ ደግሞ ማሪ ተብለው የሴት ስም ይሆናሉ። እውነት የምትባል ልጅ! ደስ ይላል።

አጠቃቀም
በሁለቱም ከበድ ያለ ቃል ነው፤ ለፍልስፍና፣ ለሃይማኖት፣ ለሳይንስ። ጓደኛህ ወሬ ሲነግርህ "እውነት?" ለማለት አይሆንም።
ቻይንኛ፦ "ጀን ደ ማ?" ትላለህ። ያው የመጀመሪያው ምልክት ነው።
ጃፓንኛ፦ "ሆንቶ?" ሌላ ቃል ነው።

ቶሎ አፍህን መፍታት ከፈለግክ ጃፓንኛው ይሻልሃል። አንዱን ምልክት ይዘህ ብዙ ቃል ማንበብ ካማረህ ግን በቻይንኛው ጀምር።