ፍላሸር ወይስ ስክሪን ያለው ሶናር?

ሚኒሶታ ያለ ዘመድህ «የዓሣ ሶናር ልላክልህ፣ የቱን ትፈልጋለህ?» ቢልህ መልሱን አትቸኩልበት። እሱ የሚያጠምደው በረዶ የሠራ ሐይቅ ላይ ቀዳዳ ቆፍሮ ነው። አንተ ደግሞ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘህ፣ «ሐይቅ» በሚባለው ሐይቅ ላይ በጀልባ።

የፍላሸርና ስክሪን ያለው ሶናር አሠራራቸው አንድ ነው። ድምፅ ወደ ታች ይልካሉ፣ ተመልሶ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ይለካሉ።

ፍላሸር ክብ መደወያ ላይ መብራት ያበራል። የሚያሳየው አሁን ከሥርህ ያለውን ብቻ ነው፤ ያለፈውን አያስቀምጥም። በብዙዎቹ ቀይ ጠንካራ ምላሽ፣ አረንጓዴ ደካማ ነው። በረዶ ላይ አንድ ቦታ ለተቀመጠ ሰው ግሩም ነው። መንጠቆው ሲወርድ፣ ዓሣው ሲጠጋ እዚያው ያየዋል።

ጀልባ ግን ይንቀሳቀሳል። ስክሪን ያለው ሶናር ያለፍክበትን እየሳለ ይሄዳል፤ ወለሉ የት ድንገት እንደሚወርድ ታያለህ። የ«ሐይቅ» ጥልቀት ደግሞ አንዳንድ ቦታ ከ80 ሜትር ያልፋል፣ ቀልድ አይደለም። ጂፒኤስ ካለው ቦታውን ምልክት አድርገህ ትመለሳለህ። እኔ ብሆን ሳላመነታ ይህን አስልካለሁ። ብቻ ጀልባ ላይ የሚታሰረው ዳሳሽ (ድምፁን የሚልከውና የሚቀበለው ክፍል) አብሮት ይምጣ። የበረዶው ዳሳሽ በገመድ ቀዳዳ ውስጥ የሚንጠለጠል ነው።

ባትሪው አያስጨንቅም፣ ብዙዎቹ በ12 ቮልት ይሠራሉ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። የ20 ዲግሪ የድምፅ ጨረር 10 ሜትር ጥልቀት ላይ የሚሸፍነው 3.5 ሜትር ያህል ስፋት ነው። 3 ሜትር ላይ ሲሆን አንድ ሜትር ብቻ! ጥልቀት በሌለው ዳር ዳሩን ቆሮሶ ብቻ የምታጠምድ ከሆነ፣ ሶናሩ ይቅርና ጥሩ ክርና መንጠቆ ይላክልህ።